ለድሬዳዋ ሙቀት የተስተካከለ አሮጌ ሆርን፦ የአንድ መሣሪያ ምርጫና ማሻሻያ

ጉዳዩ የአንዲት ወጣትና የአንድ ያረጀ ፍሬንች ሆርን ነው፤ ፍሬንች ሆርን ረጅም ቱቦው ክብ ሆኖ የተጠቀለለ፣ አፉ ሰፊ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ወጣቷ የሐረር ልጅ ናት፤ ትራምፔት እየነፋች አድጋ አሁን በድሬዳዋ የወጣቶች የትንፋሽ መሣሪያ ቡድን ውስጥ ትጫወታለች። ቡድኑ ትራምፔትና ትሮምቦን አላነሰውም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ድምፅ ግን አልነበረውም። መሪው ሆርን እንድትይዝ ሲጠይቃት በደስታ ተቀበለች። መሣሪያው ግን ከየት ይምጣ? አዲስ ድርብ ሆርን፣ ማለትም ሁለት ሆርን በአንድ አካል የያዘውን፣ ከውጭ ማስመጣት ከቡድኑ አቅም በላይ ነው። የቀረው መንገድ አሮጌ ፈልጎ፣ መርምሮና አስተካክሎ መያዝ ብቻ ሆነ። የትንፋሽ መሣሪያ ስለምጠግን ምርጫውም ሥራውም በእጄ አለፈ። ዝርዝሩን የምጽፈው በዚህ አካባቢ ሌላ ነፊ አሮጌ ሆርን ቢያጋጥመው ምኑን አይቶ እንደሚወስድ፣ ምኑን እንደሚነካና በተለይም ምኑን መንካት እንደሌለበት እንዲያውቅ ነው።

በሐረርና በድሬዳዋ አሮጌ የነሐስ መሣሪያ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 አርባዎቹን አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም ካመጡና ኬቮርክ ናልባንዲያን ባንዳቸውን ከመራ ወዲህ የማርሽ ሙዚቃ በአገራችን ሥር ሰዷል። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶችም ተከታትለው መጡ። የጦር አካዳሚ የነበረባት ሐረርም ለማርሽ ድምፅ ባዕድ አልነበረችም። ከእነዚያ ዘመናት የተረፈ መሣሪያ ዛሬ በግለሰብ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ወይም ከአልጋ ሥር ተቀምጦ ይገኛል።

ጠያይቀን ሦስት ሆርኖች ቀረቡልን። አንደኛው በድሬዳዋ ከዚራ ከአንድ መኖሪያ ቤት የወጣ፣ ገና ከፋብሪካ የመጣ የሚመስልና የሚያብረቀርቅ ድርብ ሆርን ነው። ሁለተኛው የሠሪው ስም የሌለበት፣ አነስ ያለና ቀለል ያለ፣ በቢ ፍላት ድምፅ የተቃኘ ነጠላ ሆርን ነው። ሦስተኛው ጁገል ውስጥ ካለ አንድ ቤተሰብ የተገኘ ድርብ ሆርን ሲሆን ጠቁሯል፣ ድምፁ የሚወጣበት ሰፊው አፉም ተሰርጉዷል፣ አንዱ ቫልቩ (በጣት ሲጫኑት የትንፋሹን መንገድ የሚቀይረው ክፍል) ደርቆ አይንቀሳቀስም። አፉ ላይ አማቲ ክራስሊትሴ የሚል ስምና ቼኮስሎቫኪያ የሚል የአገር ስም ተቀርጾበታል። አማቲ በክራስሊትሴ ከተማ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው፤ ቼኮስሎቫኪያ የምትባል አገር ደግሞ በ1992 መጨረሻ አብቅታለች። ስለዚህ መሣሪያው ከእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የተሠራ ነው። ከዚህ የጠበበ ዕድሜ ልሰጠው አልደፍርም።

የወጣቷ ዓይን ያረፈው በሚያብረቀርቀው ላይ ነበር። አልፈርድባትም፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። የሆርን ሕይወት ያለው ግን ቫልቮቹ ውስጥ ነው። በአብዛኞቹ ሆርኖች ላይ ያለው ቫልቭ እንደ ትራምፔት ወደ ታች የሚወርድ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የሚሽከረከር ሮተር ነው። ሮተሩ ከቤቱ ጋር ሳይነካካ ተቀራርቦ መዞር አለበት። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሰፋ ትንፋሽ ያመልጣል፤ በለስላሳው የሚነፋ ድምፅ አልነሣም ይላል፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገሩም ይሰናከላል።

ይህን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ቫልቩን ሳይጫኑ የዚያን ቫልቭ ተንሸራታች ቱቦ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ሳብ ማድረግ፣ ጥቂት ሰከንድ መቆየት፣ ከዚያ ቫልቩን መጫን ነው። ቫልቩ የሚያጠብቅ ከሆነ ቱቦው ውስጥ የሳሳው አየር ድንገት ሲሞላ ጥርት ያለ የፍንዳታ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ከሌለ አየሩ አስቀድሞ በሮተሩ ዙሪያ ሾልኮ ገብቷል ማለት ነው። በሚያብረቀርቀው ሆርን ላይ ሙከራውን በሁሉም ቫልቮች ብናደርግ ከአንዱም ምንም አልተሰማም። የሮተሮቹን ዘንጎች በጣቴ ሳወዛውዝም ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። እንዲህ ያለውን የሚያድነው ሮተሩን በመዳብ ለብጦ ከቤቱ ጋር እንደገና ማፋተግ ብቻ ነው፤ ያንን የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ በአካባቢያችን የለም። ስለዚህ ከሦስቱ ያማረው ሆርን መጀመሪያ ወደቀ።

ነጠላው ሆርን ፈተናውን በሚገባ አለፈ፤ ቫልቮቹ ጠበቅ ያሉ ናቸው። ለትራምፔት ነፊም ይመቻል። የቢ ፍላት ሆርን ቱቦ 2.7 ሜትር ያህል ነው፤ ከቢ ፍላት ትራምፔት እጥፍ ስለሆነ የጣት አያያዙ ይመሳሰላል። እኔም ለአፍታ ወደ እሱ አዘንብዬ ነበር። የጣለው ቅኝቱ ነው። ዋናውን መቃኛ ቱቦ እስከ ዳር አውጥተን እንኳ፣ በሐረር ቅዝቃዜ፣ ከ440 ኸርዝ (የመቃኛው የኤ ድምፅ ልክ፣ በሰከንድ 440 ንዝረት) በላይ ቆመ። ዛሬ የምንቃኝበት 440 ኸርዝ ዓለም አቀፍ ስምምነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ከዚያ በፊት የእንግሊዝ የጦር ባንዶች እስከ 452 ኸርዝ ገደማ ከፍ አድርገው የሚቃኙበት ዘመን ነበር፤ ለዚያ ቅኝት የተሠራ መሣሪያ ከዛሬ ቡድን ጋር አይስማማም። በሐረር ከፍ ያለው መሣሪያ በድሬዳዋ የበለጠ ከፍ እንደሚል ደግሞ ግልጽ ነው።

የድርቡ ሆርን ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። የኤርፉርቱ ፍሪትዝ ክሩስፔ እ.ኤ.አ. በ1897 ያወጣው ሐሳብ ሁለት ሆርኖችን በአንድ አካል ማዋሐድ ነበር፦ 3.7 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የኤፍ ወገንና አጭሩ የቢ ፍላት ወገን፣ በአውራ ጣት በሚነካ አራተኛ ቫልቭ እየተቀያየሩ። ረጅሙ ወገን ለታችኛው ድምፅና ለሞላ ቃና ነው። ነገር ግን ወደ ላይ ሲወጣ ድምፆቹ በጣም ስለሚቀራረቡ ከንፈር ጎረቤቱን ይይዛል። አጭሩ ወገን ላይ ድምፆቹ ራቅ ራቅ ስለሚሉ ማነጣጠር ይቀላል። የማርሽ ኖታዎች ለሆርን በአብዛኛው በኤፍ ስለሚጻፉም ወጣቷ ሁለቱንም ወገን ብትይዝ ይሻላታል።

ስለዚህ ሁሉ ነገር በጠቆረው ሆርን ላይ ተንጠለጠለ። ባለቤቶቹን አስፈቅደን በደረቀው ቫልቭ ላይ ላምባ አፍስሰን አሳደርነው፤ በማግስቱ ዘንጉን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብዬ መታ መታ ሳደርገው ለቀቀ። ፈተናውን በየተራ ስንደግም ሦስቱ ቫልቮች ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ፤ አንዱ ደከም ያለ ነበር፣ የሚናቅ ግን አይደለም። ከዚያ የቫልቮቹን ክዳን ከፍተን ምልክቶቹን አየን። በሮተሩ ዘንግና በተሸካሚው ሳህን ላይ ጭረቶች አሉ፤ ቫልቩ ሲያርፍም ሲጫኑትም ጭረቶቹ መገጣጠም አለባቸው። እዚህ ላይ ሁሉም ተዛንፈው ነበር፤ ማቆሚያ ቡሾቹ በደረቅ አየር ተኮማትረው ተፈርፍረዋል። ቡሹን በጥቅጥቅ ጎማ ቀይሬ፣ በምላጭ እየላጥሁ ጭረቶቹን ስገጥም ድምፁ ወዲያውኑ ተከፈተ። አሮጌ ሆርን ታፍኗል የሚሉ ነፊዎች ሌላ ነገር ከመክሰሳቸው በፊት ይህን እንዲያዩ አጥብቄ እመክራለሁ። ወጪ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የሚያስገኝ ጥገናም አላውቅም።

ከሰፊው አፍ ላይ ስርጉዶቹን አቃናሁ እንጂ ጥቁረቱን አልነካሁም። ብርቱ ማጽዳት ነሐስ ይበላል፤ አሮጌ ነሐስ ደግሞ ስስ ነው። ውስጡን ማጠብ ግን ግድ ነው፤ እዚህ ላይ የድሬዳዋ ውኃ ጉዳይ ይመጣል። የከተማው የጉድጓድ ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያ ያፈላ ሁሉ ያውቃል። ያ ነጭ ድንጋይ ቱቦና ሮተር ላይም ይጋገራል፤ ደርቆ የነበረውን ቫልቭ ስፈታው ያገኘሁትም እሱኑ ነው። በተበረዘ ሆምጣጤ ለአጭር ጊዜ ነክሬ፣ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቤ፣ መጨረሻውን በዝናብ ውኃ አለቀለቅሁት። አሲድ ላይ ማቆየት አይገባም፤ ዚንኩን ከነሐሱ ውስጥ ይስባል።

የዚንክ ነገር ከተነሣ፣ የዚህ ሆርን ትልቁ ሕመም እዚያ ነበር። ማውዝፒሱ (ከንፈር የሚያርፍበት መንፊያ) የሚገባበት የመግቢያ ቱቦ ላይ ሮዝ መልክ ያላቸው፣ መካከላቸው የጠቆረ ነጠብጣቦች ነበሩ። የተለመደው ቢጫ ነሐስ 70 በመቶ ያህል መዳብ፣ 30 በመቶ ያህል ዚንክ ነው። የትንፋሽና የምራቅ እርጥበት ለዓመታት ሲተኛበት ዚንኩ እየለቀቀ ቀዳዳ የበዛበት መዳብ ይቀራል። ከውጭ ሲታይ ትንሽ ነጥብ ነው፤ ከውስጥ ግን ግድግዳው አልቋል ማለት ነው። በመወልወል አይድንም።

ትክክለኛው መድኃኒት ቱቦውን መለወጥ ነው። በሌሎች አገሮች የመግቢያ ቱቦ መለወጥ በሆርን ላይ ከሚደረጉት የተለመዱ ማሻሻያዎች አንዱ ነው፤ የመሣሪያው ጠባይ ግማሹ ከዚያ ይወጣልና። ችግሩ ቱቦው ቀጥ ያለ አለመሆኑ ነው፤ ከጠባቡ ጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል። የአሰፋፉ ልክ ጥቂት ቢዛባ የድምፆቹ ርቀት እርስ በርሱ ይፋለሳል። እዚሁ እንሥራው የሚል ሐሳብ ቢቀርብም አልተስማማሁም። ተሠርቶ የሚመጣውን እየጠበቅን የተበላውን ቦታ በስስ የነሐስ ቆርቆሮ ከላይ ጠቅልለን ለመበየድ ወሰንን።

ይህን የሠራልን የሐረር ብር ሠሪ ነው። እጁን ሳይ ደስ አለኝ፤ ቆርቆሮውን በቱቦው ቅርጽ ላይ እየጠቀለለ ሲያለሰልስ መገጣጠሚያው በጣት አይዳሰስም ነበር። አንድ ነገር ላይ ግን ተከራከርን። እሱ የለመደው የብር ብየዳ ነው፤ ያ ከ600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት ነሐሱ ይላላል፣ በአጠገቡ ያሉት የፋብሪካ ብየዳዎች ሁሉም ይፈታሉ። እኔ የፈለግሁት ከ200 ዲግሪ ብዙም በማይርቅ ሙቀት የሚቀልጥ የቆርቆሮ ብየዳ ነው። እሱም በቆርቆሮ የተበየደ አይጸናም አለ፤ ለጉትቻና ለአምባር እውነቱን ነው። ሆርን ላይ ግን ነገ ሲፈለግ መፈታት መቻሉ ራሱ ጥቅም ነው ብዬ አስረዳሁት፤ አዲሱ ቱቦ ሲመጣ ያለ ጉዳት ይወልቃል። ተስማማ፤ የሠራውም ንጹሕ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ፤ ወደ ሙቀት። ሐረር ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። ነፊዎቻችን በሁለቱ ከተሞች መካከል ቅኝታቸው ሲለዋወጥ ከፍታውን ይከስሳሉ። የድምፅ ፍጥነት ግን በከፍታ ምክንያት አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ የሚለውጠው የአየሩ ሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ የድሬዳዋ የሰኔ ከሰዓት በኋላ በሚደርስበት 35 ዲግሪ ግን 352 ሜትር ያህል። የቱቦው ርዝመት ሳይለወጥ ድምፁ ሲፈጥን ቅኝቱ ወደ ላይ ይወጣል። በስሌት ልዩነቱ ወደ 44 ሴንት ይጠጋል፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በሁለቱም ቦታ በትንፋሽ ስለሚሞቅ በተግባር የሚታየው ያነሰ ነው። እኛ በሐረር ቤት ውስጥና በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ስንለካ ያገኘነው 20 ሴንት አካባቢ ነው። ትሮምቦን ነፊ በዘንጉ ያስተካክለዋል፤ ሆርን ነፊ ግን መጀመሪያ ቱቦውን ማርዘም አለበት።

20 ሴንት ማለት ከርዝመቱ 1.2 በመቶ ገደማ ነው። በ2.7 ሜትሩ የቢ ፍላት ወገን ላይ 3.2 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ይሆናል። መቃኛው ሁለት እግር ስላለው ግማሹን፣ 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማውጣት ይበቃል። የኤፍ ወገን ረጅም በመሆኑ 2.2 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ተጨማሪው 6 ሚሊ ሜትር በኤፍ ወገን የራሱ መቃኛ ይወጣል። ይህን ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ በአውራ ጣት ወገን በቀየሩ ቁጥር ቅኝቱ ይዘላል።

የእኛ ሆርን መቃኛ በሐረርም ቢሆን 1.5 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ነበር የሚቃኘው። ይህ ጤነኛ ነው፤ ለቅዝቃዜ የሚገፋ ቦታ እንዲተርፍ ሆርኖች እንዲህ ይሠራሉ። በድሬዳዋ ግን ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ መውጣት ነበረበት። እግሮቹ በሙሉ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆኑ ጫፋቸው ደግሞ በዕድሜ አልቋል። ወጥቶ የቀረው ይወላገዳል፣ ትንፋሽም ያፈስሳል።

መፍትሔውን የሠራው ከባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጣ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ድሬዳዋን ድሬዳዋ ያደረጋት ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ አብሮ የመጣው የብረት ሥራ ሙያ እስከ ዛሬ በእነዚህ አዛውንቶች እጅ አለ። ቅስቱን፣ ሁለቱን የመቃኛ እግሮች የሚያገናኘውን ጥምዝ፣ ከእግሮቹ አላቅቄ ሰጠሁት፤ እሱም ከነሐስ ዘንግ ሁለት ማራዘሚያ ቀለበቶች ቀረጸ፤ ርዝመታቸው 15 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጫፍ እግሩን፣ በሌላው ቅስቱን የሚቀበል እርከን ያላቸው። የውስጣቸው ስፋት ከቱቦው ጋር አንድ እንዲሆን በካሊፐር ደጋግሞ ለካ፤ ውስጥ ላይ ጥቂት ደረጃ ቢኖር ድምፁ ይሰናከላል። 15 ሚሊ ሜትር ያልነው በስሌት ነው፤ መቃኛው እስከ መጨረሻው ሲገፋ ለሐረር ይሆናል፣ ለድሬዳዋ ሲወጣ ደግሞ ከእግሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ውስጥ ይቀራል። 20 ቢሆን ሐረርን እናጣለን። አሁንም የጠበበብን የሐረር የኅዳርና የታኅሣሥ ምሽት ነው፤ ያን ጊዜ መሣሪያውን በትንፋሽ በደንብ ማሞቅና አፉ ውስጥ ያለውን ቀኝ እጅ ትንሽ መክፈት ያስፈልጋል። ቀለበቶቹም በቆርቆሮ ስለተበየዱ የሚፈልግ ሰው አውልቆ መሣሪያውን ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

በዚህ ሥራ የተደሰተው የቶርኖ ባለሙያ፣ ጋሼ የምንለው፣ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ወጣቷ በየሳምንቱ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ባለው የደንገጎ ዳገት በሚኒባስ ትመላለሳለች፤ የሆርን ሣጥን ደግሞ ሰፊ ነው።

«ልጄ፣ አፉን ከአንገቱ ላይ ቆርጬ ባለ ጥርስ ቀለበት ላድርግበት። ነቅለሽ በትንሽ ሻንጣ ትይዢዋለሽ» አላት።

«ጋሼ፣ ይቻላል እንዴ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ይቻላል። በዓለም ላይ ብዙ ሆርኖች እንዲህ ተነቃይ አፍ አላቸው፤ እሱም ቀለበቱን በሚገባ ይቀርጸው ነበር። እኔ ግን ተቃወምሁ። የአፉ ነሐስ በጣም ስስ ነው፤ የተቆረጠ ነሐስ ተመልሶ አንድ አይሆንም፣ ቀለበቱ በጸጉር ታህል ከመሐል ቢያፈነግጥ አፉ ተጣሞ ይቀራል፣ የቀለበቱ ክብደትም የድምፁን ጠባይ ይለውጣል። እስከዚያ የሠራነው ሁሉ የሚመለስ ነው፤ ይህ ብቻ አይመለስም። የሚያስፈልጋትም ሣጥን እንጂ መቁረጥ አልነበረም። ጋሼ ቅር ቢለውም ነገሩን ሲያሰላስል አመነበት፤ ለእንጨት ሣጥኑም ማጠፊያና መቆለፊያውን እሱ ሠራ። አናጺው ውስጡን በስፖንጅ ያለበሰው ሣጥን ሚኒባስ ውስጥ ከጉልበቷ ላይ ያርፋል።

የቀሩት ማስተካከያዎች ጥቃቅን ናቸው። የትንሿ ጣት ማንጠልጠያ ለትልቅ እጅ የተበየደ ስለነበር ወደ ቫልቮቹ አቀረብሁት፤ ከዚያ ወዲህ አንጓዋን አያማትም። የገዛነው ማውዝፒስ በመግቢያው ላይ ይወላገድ ስለነበር ያስተካከልነው የማውዝፒሱን ጭራ ነው፤ የሆርኑን መግቢያ አልነካንም፣ ርካሹን መለወጥ ሁልጊዜ ይቀድማል። ቫልቮቹን የሚያዞሩት ክሮች በስለው ስለነበር በማይለጠጥ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተክተናቸዋል። ለዘንጎቹ በሐረር መኪና ግርግር በሚባለው ቦታ ካሉት ልብስ ሰፊዎች የተገኘ የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ሆኗል። ለተንሸራታች ቱቦዎች ግን ቫዝሊን በድሬዳዋ አይሆንም፤ በሙቀት ቀልጦ ወደ ሮተሮቹ ይወርዳል። ከበግ ጸጉር የሚወጣው ላኖሊን ወፍራም ስለሆነ ቦታውን ይዞ ይቆያል።

ሆርኑ አሁን በሁለቱም ከተሞች ከቡድኑ ጋር ተቃንቶ ይነፋል። ታችኛው ድምፁ ሞላ ያለ ነው፤ የላይኛው ገና የነፊዋን ከንፈር ይጠብቃል። ደከም ያለው ቫልቭ ወፈር ያለ ዘይት ሲሰጠው ይሻለዋል። የሚቀረው የመግቢያ ቱቦው ነው። ለሚልክልን ዘመድ የጻፍንለት ዝርዝር የአሮጌውን ቱቦ ርዝመት፣ የሁለቱን ጫፎች የውስጥ ስፋት፣ የመታጠፊያውን ቅርጽ በወረቀት ላይ የተነሣ ንድፍና የማውዝፒሱን ጭራ ልክ ይዟል። ከቢጫው ነሐስ ይልቅ 85 በመቶ ያህል መዳብ ያለበትን ቅልቅል እንዲመርጥም ጠይቀናል፤ ዚንኩ ባነሰ ቁጥር ያ ሮዝ ነጠብጣብ ይዘገያል።